እትዬ ወይኒቱ ከነፊሽካቸው

እትዬ ወይኒቱ አልሞቱም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንድ ከሰዓት ሙሉ ስላለቀስንላቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሁለተኛ ዓመት ልንመለስ ዕቃ በምንሸክፍበት ሰሞን፣ አንዷ ልጅ በዶርማችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቷቸውን ለጠፈች። ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ቦቲ ጫማቸውን ተጫምተው፣ ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ብሎካችን በር ላይ የቆሙበት ፎቶ ነው። ከሥሩ «መቼም አንረሳዎትም» ብላ የሻማ ምልክት አስከተለችበት። ሻማ ካየን በኋላ ማን ይጠይቃል? ሁላችንም ማልቀስ ጀመርን። እኔ ወልቂጤ፣ እናቴ ሱቅ ውስጥ፣ የስኳር ኬሻ ላይ ተቀምጬ አነባሁ። የክፍሌ ልጅ ትዕግስት ከደብረ ብርሃን የድምፅ መልእክት ላከች፤ ውስጡ ለቅሶ እንጂ ቃል አልነበረውም። በመጨረሻ ሌላዋ የክፍላችን ልጅ መሰለች፣ ቢያንስ ቤተሰባቸውን ላጽናና ብላ ስልካቸው ላይ ደወለች። ያነሱት ራሳቸው ናቸው።

«ማነሽ?»

«እ... እትዬ?»

«መሰለች ነሽ? ምን ያንተባትብሻል?»

«እትዬ፣ ሞቱ ተብሎ...»

«ማን ነው የገደለኝ?»

«ግሩፕ ላይ ሻማ...»

«እኔ ጡረታ ወጥቼ ዋጫ ከተማ፣ ቤቴ ገብቻለሁ። ያቺን ሻማ የለኮሰችውን ልጅ፣ ቢጫ ሰጥተውሻል በያት!»

መሰለች ይህን ስትነግረን ለቅሶው ወደ ሳቅ ዞረ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ተመልሰን ስንሄድ ብሎኩ በር ላይ አይኖሩም ማለት ነው። እሳቸው የሌሉበት ብሎክ ምን እንደሚመስል ላስብ ብዬ አቃተኝ። ስለዚህ ስለሳቸው ልጽፍ ቁጭ አልኩ። በሕይወት ላለ ሰው አይጻፍም ያለ የለም።

እትዬ ወይኒቱ የሴቶች ዶርም ፕሮክተር ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ላልገባ ሰው ላስረዳ፤ ፕሮክተር ማለት ቁልፍ የሚሰጥ፣ የተሰበረ ሎከር የሚያስጠግን፣ የታመመ ተማሪ ወደ ክሊኒክ የሚወስድ፣ የተጣሉትን የሚያስታርቅ፣ ደንብ ያፈረሰውን ደግሞ ለተማሪዎች ዲን የሚያሳውቅ ሰው ነው። ማለትም በአንድ እጁ ይደግፋል፣ በሌላው ይከሳል። ከባድ ሥራ ነው። አብዛኞቹ አንዱን እጃቸውን ብቻ ነው የሚጠቀሙት። እትዬ ወይኒቱ ሁለቱንም ያውቁበት ነበር። ፕሮክተር ከመሆናቸው በፊት ዋጫ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነበሩ፤ ፊሽካውም ከዚያ ተከትሏቸው የመጣ ነው። ክፍሉ ሁሉ ለሳቸው ቡድን ነው፣ ኮሪደሩ ሜዳ ነው፣ ጥፋት ደግሞ ቢጫ ካርድ ያሰጣል። ካርዱን በዓይናችን አይተነው አናውቅም። «ቢጫ!» ብለው ጣታቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ግን እውነት የታየን ይመስለን ነበር።

«ቀዩስ የት አለ እትዬ?» ብሎ የጠየቃቸው ሲኖር፣

«ቀዩ ዲኑ ኪስ ነው ያለው። የኔ ኪስ ቢጫ ብቻ ነው የሚይዘው» ይሉ ነበር።

መጀመሪያ ያወቅኳቸው በዝናብ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ያለው ቦንጋ ነው፤ ቦንጋ ውስጥ ዝናብ ነበር ማለት ምንም ማለት እንዳልሆነ ያኔ አላወቅሁም። ከመናኸሪያ የያዝኩት ባጃጅ ግቢው በር ላይ አውርዶኝ ሲዞር፣ ሻንጣዬ ተንሸራትቶ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር አንድ ጥቁር ጃንጥላ ከላዬ መጣ።

«ሻንጣው ነው የወደቀው ወይስ አንቺ?»

«ሻንጣው» አልኩ።

«እንግዲያው ለምን ታለቅሻለሽ? ሻንጣው ያልቅስ እንጂ!»

ሳቄ አመለጠኝ። እስከ ብሎኩ ድረስ ጃንጥላቸውን ይዘውልኝ ሄዱ። ስንደርስ ነው የገባኝ፤ ጃንጥላው በሙሉ ወደኔ አዘንብሎ ነበር፣ የሳቸው ግራ ትከሻ በዝናቡ ርሶ ነው የመጣው። በኋላ ሳስተውል የእትዬ ወይኒቱ ግራ ትከሻ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ከጃንጥላው ሥር አንድ ልጅ ጠፍቶ አያውቅም።

«አመሰግናለሁ ማዘር» አልኳቸው። ፕሮክተርን ማዘር ማለት ልማድ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር።

ቆም አሉ። «የወለድኳቸው ልጆች ይበቁኛል። እናትሽ ስትናፍቅሽ ደውዪላት። እኔ እትዬ ወይኒቱ ነኝ። አንቺስ?»

«ሃያት።»

«ሃያት፣ በይ ቡድንሽን ተቀላቀዪ።»

ቡድኔ ስድስት ሴቶች ያለንበት ክፍል ሆነ። ሁላችንንም ባስተዋውቅ ወረቀቱ ያልቃል፤ ለዚህ ታሪክ ሁለቱ ይበቃሉ። ትዕግስት አፏ ከሐሳቧ የሚቀድም ልጅ ናት። መሰለች ደግሞ ከዚሁ ከካፋ፣ ከቢታ ገነት ገጠር የመጣች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ቤተ መጻሕፍት በር ሳይከፈት የምትቆም ልጅ ናት። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ የጋብቻ ሽማግሌዎች ቤታቸው እየተመላለሱ ነበር። ወንድሟም «ትማራለች» ብሎ መልሷቸዋል። ሲሸኛት ግን እንዲህ ብሏታል፦ «ይህን ቃል ለሰው አንዴ ነው የምለው። አቋርጠሽ ከመጣሽ ሁለተኛ የምልበት አፍ የለኝም።» መሰለች ይህን የነገረችን በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ እየሳቀች ነው የነገረችን፤ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

አዲስ ተማሪዎች፣ እኛ ፍሬሾች የምንላቸው፣ በመጡ ዕለት እትዬ ወይኒቱ ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት ሁሉንም ኮሪደር ላይ አሰልፈው ንግግር ያደርጉ ነበር። ንግግራቸው አጭር ነው።

«ከየአገሩ ነው የመጣችሁት። አማርኛችን እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የኔን እየሰማችሁት ነው። አንድ ክፍል አንድ ቡድን ነው። የአንዷ ችግር የሁላችሁ ችግር ነው። ይህን ያልተቀበለች አሁን ትናገር፣ ቁልፉ እጄ ላይ እያለ።»

ሁላችንም ቁልፋችንን ተቀበልን። ይህችን ቃል ምን ያህል ቃል በቃል እንደያዝናት ያን ጊዜ እሳቸውም አላወቁ፣ እኛም አላወቅን።

አንድ ቀን ትዕግስት ካፌ ውስጥ ሰልፍ ቆርጣ ገባች። ምሳ ሰዓት ነው፣ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ዝናብ ላይ ደርሷል። እትዬ ወይኒቱ ካፌው የሥራ ቦታቸው አልነበረም፤ ግን የትም ይገኛሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ኋላ ይመልሳት ነበር። እሳቸው ግን ክንዷን ይዘው ወጥ ጨላፊው ጎን አቆሟት።

«ወደፊት መሆን ፈልገሽ አይደል? ይኸው፣ ከሁሉም ፊት ነሽ። አሁን ለሚያልፈው ሁሉ እንደምን ዋልክ፣ እንደምን ዋልሽ እያልሽ ትቆያለሽ።»

«ለሁሉም?!»

«ለሁሉም። በፈገግታ።»

ትዕግስት ለዚያ ሁሉ ሕዝብ እንደምን ዋላችሁ አለች። መጀመሪያ ጥርሷን ነክሳ ነው የምትለው። ወደ መሀል ሲደርስ ልጆቹ እየሳቁ «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ይሏት ጀመር። ሰልፉ ሲያልቅ ግማሹን ግቢ አውቃ ወጣች፤ ዓመቱ መጨረሻ ላይ የክፍል ተወካይ ሆና ስትመረጥ እትዬ ወይኒቱ «ያን ቀን ነው ዘመቻ የጀመርሽው» አሏት።

እንከን የለሽ አልነበሩም። ስለ ዕድሜያቸው ሲነሳ ይከፋቸዋል። የሴቶች ሩጫ በተደረገ ቀን ማንም ሳይጋብዛቸው በቦቲ ጫማቸው መሃላችን ገብተው ሮጡ፤ ከመጨረሻዎቹ ጋር ገቡና ዳኛውን መስመሩ ጠማማ ነው ብለው ተከራከሩት። ሲናደዱ ደግሞ አማርኛውን ጥለው ወደ ካፋ ቋንቋቸው፣ ወደ ካፊኖኖ ይገባሉ። ያኔ ከክፍላችን የሚገባት መሰለች ብቻ ናት።

«ምን አሉ?» እንላታለን።

«ተዉት» ትለናለች፣ ፊቷ ቀልቶ። «ሲተረጎም ይብሳል።»

አሁን ወደ ሂተሩ ልምጣ። ሂተር የምንለው ውሃ ውስጥ ነክረው ሶኬት ላይ የሚሰኩትን ጥምዝምዝ ብረት ነው። ዶርም ውስጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው። በእሱ ምክንያት እሳት ያስነሳ ተማሪ አንድ ዓመት ከትምህርት ታግዶ እንደሚቀጣ የገባን ዕለት ተነግሮናል፤ በር ላይም ተለጥፏል። ቢሆንም መሰለች ከሎከሯ ሥር አንድ ነበራት። ለምን እንደነበራት እኛ አምስታችን እናውቅ ነበር። ሌላ ማንም አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መሰለች አሟት አልጋዋ ላይ ተጣጥፋ ተኝታለች። ሂተሩን ጆግ ውስጥ ነክራ ሰክታዋለች። ውሃው ሳይሞቅ መብራት ሄደ። ትንሽ ጠበቅን፤ አልመጣም። ሕመሙ ሲብስባት ጆጉን ለማንሳት ሂተሩን አወጣችና ፍራሹ ላይ ጣል አደረገችው፤ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነበር። «ክሊኒክ እንሂድ» አለች ትዕግስት። እኛም ቡድን አይደለን? አንዷ ስትነሳ ሁላችንም ተነሳን። ሁለቱ ደገፏት፣ አንዷ ጃንጥላ ያዘች፣ እኔ መታወቂያዋን ያዝኩ። ክፍሉን ማንም ሳይቀርበት ቆልፈን ወጣን። ሶኬቱን የነቀለ የለም። መብራት በሌለበት ሶኬት ማን ትዝ ይለዋል?

ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ የግቢው መብራቶች ቦግ አሉ። ትዕግስት «መጣ!» ብላ አጨበጨበች። ትንሽ ቆይቶ ከወደ ብሎካችን ፊሽካ ተሰማ። እንዳናረፍድ በፈተና ቀን ጠዋት እየነፉ የሚቀሰቅሱን ዓይነት አልነበረም። ሳያቋርጥ የሚጮህ ፊሽካ ነበር።

ሮጠን ስንመለስ የብሎኩ ሴቶች በሙሉ ዝናብ ላይ ቆመዋል። አንዳንዷ ሻምፖው ከፀጉሯ አልወረደም። ከፎቁ፣ ከኛ መስኮት ጭስ ይወጣል። ከጭሱ መሃል የእትዬ ወይኒቱ ራስ ብቅ አለ።

«ከሥር ዞር በሉ!»

ፍራሹን በመስኮት ገፍተው ጣሉት። ጭቃው ላይ ወድቆ ሽሽሽ አለ። ሌላ የተቃጠለ ነገር አልነበረም። ከላይኛው ፎቅ ግን ሁለት ልጆች ተኝተው ነበር፤ ፊሽካው ባይኖር ጭሱ ሊያፍናቸው ይችል ነበር።

እትዬ ወይኒቱ ወረዱ። ፊታቸው ጥላሸት ሆኗል። ሂተሩን በገመዱ እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥለውታል። ፊታችን ቆሙ። የማን ነው ይላሉ ብለን ጠበቅን። ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው።

«ምን ልታፈሉበት ነበር?» አሉ።

«ሻይ» አለች ትዕግስት።

«ሻይ?»

«አዎ እትዬ።»

«ሻይ ቅጠል የሌለበት ክፍል ነው እኮ የገባሁት። ስኳር እንኳ የላችሁም።» አንድ በአንድ አዩን። መሰለች ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሂተሩን ጠቀለሉት። «ሳታምኑኝ ልረዳችሁ አልችልም። ሪፖርት ግን አደርጋለሁ።»

«እትዬ እባክዎ!»

«ላይ ቤት የተኙ ልጆች ነበሩ!» አሉና ወደ ካፊኖኖ ገቡ። መሰለች አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ምን አሉ ብለን አልጠየቅናትም።

ሪፖርት አደረጉ። እውነቱን ለመናገር ጠላናቸው። ትዕግስት «ፕሮክተር አይደለችም፣ ሰላይ ናት» አለች፤ አንቱታውን ሳይቀር ነው የገፈፈቻቸው። በኮሪደር ስናገኛቸው አንገታችንን እናዞራለን። እሳቸው ግን «ደህና አደርሽ ትዕግስት፣ ደህና አደርሽ ሃያት» እያሉ ያልፋሉ፤ አንዳችንንም አይዘሉም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከመቀመጡ በፊት ዲኑ በየተራ ሊጠይቁን እንደሚፈልጉ ተነገረን። መሰለች ይህን እንደሰማች ሻንጣዋን አወረደችና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ትዕግስት ሻንጣው ውስጥ ከነጫማዋ ገብታ ቆመች።

«ውጪ፣ ሸሚዜን ረገጥሽው» አለች መሰለች።

«አልወጣም። የት ልትሄጂ ነው?»

«የኔ ነው እላለሁ፣ ይቀጡኛል። ምክንያቱን ግን ለነዚያ ሁሉ የኮሚቴ ወንዶች አልናገርም። ሞቼ ነው!»

«የአንዷ ችግር የሁላችን ነው አልተባለም?» አለች ትዕግስት።

እንግዲህ ይህ ብልጠት የመሰለን ነገር ነው። ስድስታችንም በየተራ ገብተን «ሂተሩ የኔ ነው» አልን። የመጀመሪያዋን ዲኑ በሐዘኔታ ሰሟት። ሁለተኛዋ ጋ ግራ ተጋቡ። እኔ ስገባ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እያሹ ነበር። የመጨረሻዋ ትዕግስት ነበረች፤ እሷው እንደነገረችን፣

«አንቺም?» አሏት።

«አዎ ዲን። የኔ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ያን ጊዜ ጠረጴዛውን መቱት። «ትቀልዱብኛላችሁ! ባለቤቱ ካልተለየ ስድስታችሁም ዓመት ትቀጣላችሁ።»

ወደ ክፍላችን ተመለስን። አንዷን እናድን ብለን ስድስታችንንም ገደል አፋፍ አቁመናል። ከሁሉም የባሰባት መሰለች ናት፤ አሁን የሷ ዓመት ብቻ አይደለም፣ የኛም በሷ አንገት ላይ ነው።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ወይኒቱ ናቸው፣ ጃንጥላቸው ይንጠባጠባል።

«ማን ነው ይህን ዘዴ ያወጣው?»

«እርስዎ» አለች ትዕግስት።

«እኔ?!»

«የአንዷ ችግር የሁላችሁ ነው አላሉም?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ፊሽካቸውን ይዘው፣

«እኔ ችግሯን ተካፈሉ አልኩ እንጂ ጥፋቷን ተከፋፈሉ አልኩ? ችግር ሲካፈሉት ያንሳል። ጥፋት ሲከፋፈሉት ይበዛል። ይኸው በዛ!» አሉ።

ቀጥለው ወደ መሰለች ዞረው በካፊኖኖ ጠየቋት። ቃሉን ባላውቀውም ጥያቄው ያው የእሳቱ ቀን ጥያቄ እንደሆነ ከድምፃቸው አወቅሁ። መሰለች ጉልበቷን እያየች መለሰች። ብዙ አልተናገረችም። እትዬ ወይኒቱ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና፣ ሁላችንም እንድንሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ቀጠሉ።

«እኔ ልናገርልሽ ወይስ አንቺ ትናገሪያለሽ?»

«ወንዶች ናቸው እትዬ። እንዴት ብዬ?»

«ወባ ያመመው ሰው እንዴት ብሎ ነው የሚናገረው?»

«ወባ አመመኝ ነው የሚለው።»

«በቃ። እንደሱ ነው።»

«ቢስቁብኝስ?»

«የሳቀውን ለኔ ተዪው።»

ኮሚቴው የተቀመጠ ቀን ከጠረጴዛው ማዶ የነበሩት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። አንዲት አባል ሴት ነበረች፤ ወሊድ ፈቃድ ላይ ነች ተባለ። እኛ ግድግዳውን ተደግፈን ተደርድረናል። ዲኑ ሪፖርቱን አንብበው ሲጨርሱ እትዬ ወይኒቱ ተነሱ። ያን ቀን ቦቲ አላደረጉም፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ ነው የተጫሙት። ፊሽካው ግን ቦታው ላይ ነበር።

«ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል አልሰርዝም። ልጆች ሊሞቱ ይችሉ ነበር። እነዚህን ልጆች የአንዷ ችግር የሁላችሁ ነው ብዬ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። አጉል ተረዱኝ፤ ለዚያ እኔም ቢጫ ይገባኛል። ግን አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ። ምን ሊያፈሉበት ነበር?»

«ሻይ ተብሏል እኮ» አሉ የጥበቃ ኃላፊው።

እትዬ ወይኒቱ ወደ መሰለች ዞረው አዩዋት። ግድግዳውን ለቀቀች። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። የሆነ ነገር አጉተመተመች።

«ጮክ በዪ፣ ሜዳው ሰፊ ነው» አሏት እትዬ ወይኒቱ፣ ቀስ ብለው።

«ሂተሩ የኔ ብቻ ነው» አለች መሰለች። «እነሱ እኔን ብለው ነው። የወር አበባዬ ሲመጣ ሆዴን በጣም ያመኛል፤ መቆም ያቅተኛል። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጌ ሆዴ ላይ ስይዝ ይሻለኛል። መብራት ሲሄድ ሳልነቅለው ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ሳል ተነሳ። አንዱ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ፣ አንዱ እስክሪብቶውን ፈታ። እትዬ ወይኒቱ ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ጉንፋን ገባ እንዴ? ሳሉ በዛ።»

ሳሉ ቆመ። የሳቀ የለም። ዲኑ ሲናገሩ ድምፃቸው ጠረጴዛ የመታው ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ይህን ለምን መጀመሪያ አልተናገርሽም?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች መሰለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «ከእትዬ በቀር» አለች።

«ብሎኩ ውስጥ ሙቅ ውሃ የሚገኝበት ቦታ የለም?» ብለው ዲኑ ወደ እትዬ ወይኒቱ ዞሩ።

«የለም። ቀዝቃዛውም ሲመጣ ነው። ቅጣቱን ቅጧት፤ ይገባታል። ዓመቷን ግን አትውሰዱባት። ይህች ልጅ ዓመት ከሄደች አትመለስም።»

አስወጡንና መከሩ። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ እትዬ ወይኒቱ አብረውን አልቆሙም፤ ውስጥ ነበሩ። ድምፃቸው በበሩ ሥር ይወጣል፤ አንድ ጊዜ ወደ ካፊኖኖ ሲገቡም ሰምተናል። መሰለች ከእሳቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለች።

«ምን አሉ?» አልናት።

«ዲኑ የገባቸው አይመስለኝም። ባይገባቸው ይሻላል።»

ውሳኔው ሲነበብ ለመሰለች የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ብሎኩን እንድታገለግልም ተወሰነ። እኛ አምስታችን ደግሞ ስለዋሸን ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። እትዬ ወይኒቱ ወጥተው ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ቢጫ! ስድስታችሁም። ሁለተኛ ቢጫ ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ።»

መሰለች ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል አፈፍ አድርገው አቆሟት። «ቀና በዪ። ተጫዋች መሬት አያይም።» ትዕግስትም ቀረብ ብላ፣

«እትዬ፣ እኔ ሰላይ ብዬዎት ነበር» አለች።

«ሰምቻለሁ። ግድግዳው ቀጭን ነው።»

ከዚያ በኋላ ትልቅ የውሃ ማፍያ ብሎካችን ምድር ቤት፣ ከፕሮክተሮች ክፍል ጎን ገባ። ወዲያው አልነበረም። እትዬ ወይኒቱ እስኪመጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት ዲኑ ቢሮ በር ላይ እየቆሙ «ውሃው ፈላ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ጸሐፊዋ ነግራናለች። የመሰለች አገልግሎት እሱን መጠበቅ ሆነ። ሴሚስተሩ አልቆም አልተወችውም። ጠርሙስ ይዞ የመጣን ሰው «ለምንድነው?» ብላ አትጠይቅም፤ ቀድታ ትሰጣለች። የቢታ ገነት ወንድሟ ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው ውጤቷን ነው፤ ሲሰማ በስልክ የጮኸው ለኛም ተሰምቶናል።

እና ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ዘንድሮ ተመለስን። እትዬ ወይኒቱ የሉም። ብሎኩ በር ላይ አዲስ ፕሮክተር አሉ፤ ጥሩ ሰው ይመስላሉ፣ ፊሽካ የላቸውም። ፍሬሾቹ የገቡበት ቀን፣ እንደተለመደው፣ ዝናብ ነበር። ነባር ተማሪዎች ተቀበሏቸው ተብለን እኔና መሰለች ግቢው በር ላይ ቆመናል። ከአንድ ባጃጅ አንዲት ቀጭን ልጅ ወረደች። ሻንጣዋ አልወደቀም፤ ግን ዚፑ ተከፍቶ ኖሮ፣ ሲነሳ ጥምዝምዝ ብረት ከውስጡ ወጥቶ ጭቃው ላይ አረፈ። ልጅቷ ደንግጣ እግሯን ጫነችበት።

መሰለች አጎንብሳ አነሳችው። በእጇ ጠረገችው።

«ምን ልታፈይበት ነው?» አለቻት።

ልጅቷ ግራ ቀኟን አየች። ባጃጁ ሄዷል፣ በአካባቢው የቆመ ወንድ የለም። ወደ መሰለች ጆሮ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ሹክ አለቻት።

«እሱ ከሆነ ነይ፣ ቦታውን ላሳይሽ። ይህ ግን እኔ ጋ ይቀራል» አለች መሰለች፣ ሂተሩን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።

«እሺ ማዘር» አለች ልጅቷ።

«ማዘር?!» መሰለች ወደኔ ዞረች፤ ሳቅ አፍኗት ነበር። «መሰለች ነኝ። አንቺስ?»

የልጅቷን መልስ አልሰማሁትም፤ ዝናቡ በረታ። ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ወደ ብሎኩ ሲሄዱ ከኋላቸው ቀርቼ አየኋቸው። ጃንጥላው በሙሉ ወደ ልጅቷ አዘንብሏል። የመሰለች ግራ ትከሻ በስብሷል።